በአንዲት አኃዝ ምክንያት ስለ ጠፋው ተመላሼ

ለክቡር የግብር መሥሪያ ቤቱ የተመላሽ ክፍል ኃላፊ፤
ሦስተኛ ፎቅ፣ ካሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎስ? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም። የመሥሪያ ቤትዎ ሊፍት «ለሠራተኛ ብቻ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ስለሆነ፣ እኔ ባለፈው አንድ ዓመት ከሁለት ወር ውስጥ ወደ እርስዎ ፎቅ ሃያ ሦስት ጊዜ በእግሬ ወጥቼ ወርጃለሁና የጉልበት ነገር ከማንም በላይ ይገባኛል። የእርስዎ ጉልበት ግን በደኅና እንዳለ አልጠራጠርም። ልብዎም እንደዚያው ደኅና ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ያልሠራ ዕቃ ቶሎ አያረጅም።

ሃያ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ በመልክ አያውቁኝምና ራሴን ላስተዋውቅ። የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ። ሱቄ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ በጫማ ሰፊውና በፎቶ ቤቱ መካከል ያለች፣ ሦስት የስፌት ማሽንና አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ የያዘች ጠባብ ክፍል ናት። ሰፈርተኛው «እትዬ ደንብ» ይለኛል። ስሙ መጀመሪያ የወጣልኝ ከምሰፋው ልብስ ነው፤ እየዋለ እያደረ ግን ግብሬን አንድም ዓመት ሳላሳድር ስለምከፍል ትርጉሙ ሌላ ሆነ። መሥሪያ ቤትዎ የሰጠኝ የምስጋና ወረቀት እንኳ በመስታወት ተደርጎ ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሎ ነበር። «ነበር» ማለቴን ልብ እንደሚሉልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በእናንተው ደግነት ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ገማች ባልደረባዎ ወደ ውስጥ መግባት ሳያስፈልገው ከደጅ ቆሞ አየና ሱቄን «የልብስ ፋብሪካ» ብሎ መዘገባት። በዕድሜዬ እንደዚያ ከፍ አድርጎ ያየኝ ሰው አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ፋብሪካ ከፈልኩ፤ እየከፈልኩም አቤት አልኩ። በመጨረሻ አቤቱታ ሰሚው ጉባኤ ፋብሪካ አለመሆኔን አምኖ፣ በትርፍ የከፈልኩት ሁሉ ወደ ባንክ ሒሳቤ እንዲመለስልኝ ወሰነ። ገንዘቡ የሱቄን የአሥራ ስድስት ወር ኪራይ ይሸፍን ነበር። የውሳኔውን ግልባጭ ይዤ ወደ ሱቅ ስመለስ፣ አሥራ አንድ ዓመት አብራኝ የሠራችውን ቁልፍ ተካይዋን አቅፌ አለቀስኩ። ከመርፌ ብዛት ጣቶቿ አልታጠፍ እያሏት ስለነበር የቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራ ማሽን ልገዛላት ቃል ገባሁላት።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በየተራው አቀርባለሁ። ከቁጥር ጋር ያለዎትን ነገር ስለማውቅ ተራውን በፊደል ጽፌዋለሁ።

አንደኛ። ገንዘቡ ተላከ፤ እኔ ዘንድ ግን አልደረሰም። ሦስት ሳምንት ጠብቄ መጣሁና መስኮት አምስት ላይ ያለችውን ባልደረባዎን ጠየቅኋት። ኮምፒውተሯን አየችና «ተልኳል እኮ፣ እናቴ። አረንጓዴ ሆኗል» አለችኝ።

«ለማን ነው የተላከው?» አልኳት።

«ለባለመብቱ።»

«ባለመብቷ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ደርሶዎታል።»

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ የበለጠ እርግጠኛ የሆነ መልስ ሰምቼ አላውቅም። የባንክ ደብተሬን ገልጬ ምንም ያልገባበትን ገጽ ባሳያትም ዐይኗን ከአረንጓዴው አላነሳችም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳውቀው፣ ላሟ አረንጓዴ መሆኗን የተረዳሁት ያን ዕለት በእናንተ ቤት ነው። ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። ከአራት ወር በኋላ፣ ከመጀመሪያው ማመልከቻዬ ወዲህ መሆኑ ነው፣ አንድ ደብዳቤ ላካችሁልኝ። «በምዝገባ ወቅት ባጋጠመ መለስተኛ የቁጥር ልዩነት ምክንያት ገንዘቡ ወደ ሌላ ደንበኛ ሒሳብ ገቢ መሆኑን እየገለጽን ለትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል። እኔ በሞላሁት ቅጽ ላይ ቁጥሩ አንድም ሳይጎድል በትክክል መጻፉን ግልባጩ ይመሰክራል፤ ግልባጩ በእጄ አለ። ይሁን እንጂ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም በዘመኔ የአንዱን ልጅ እጅጌ ለሌላው ገጥሜ አውቃለሁ። እጅጌውን ፈትቼ መለስኩት እንጂ «ለሌላ ደንበኛ ገቢ ሆኗል» አላልኩም። ገንዘቤ ማን ጋ እንደገባ ንገሩኝ ብዬ ብጠይቅ ደግሞ የደንበኛው ምስጢር ነው አላችሁኝ። ለማይመለከተው ሰው ገንዘቤን አሳልፋችሁ ስትሰጡ ያልተጨነቃችሁትን ያህል ለምስጢሩ ስትጨነቁ ሳይ፣ እንዲህ የሚጨነቅለት ሰው ምነኛ ዕድለኛ ነው ብዬ ነበር።

ወደ ባንኩ ብሄድ ከእናንተ ደብዳቤ አምጪ ተባልኩ። ወደ እናንተ ብመለስ ከባንኩ ደብዳቤ አምጪ ተባልኩ። ሁለታችሁም የምትገኙት ባንድ ጎዳና ግራና ቀኝ በመሆኑ፣ መሻገሪያው ላይ የሚቆመው ትራፊክ ፖሊስ ከርቀት ሲያየኝ መኪኖቹን ያቆምልኝ ጀመር። በዚህ ጉዳይ ሥራውን የሠራልኝ የመጀመሪያው የመንግሥት ሠራተኛ እርሱ ነው።

ሦስተኛ። በዚህ ሁሉ መንከራተት ብቻዬን አልነበርኩም፤ ታላቅ ወንድሜ ከጎኔ አልተለየም ነበር። ወንድም ጋሼን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሮ በርእሰ መምህርነት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲያ አባትም ወንድምም የሆነልኝ እርሱ ነው። የመጀመሪያዋን የስፌት ማሽን ከደመወዙ ቆርጦ የገዛልኝ እርሱ ነው። የመጀመሪያውን የደንብ ልብስ ሥራም ያገኘሁት እርሱ ዋስ ሆኖልኝ ነው። ሰዎች ሲመርቁኝ «እንደ ወንድምሽ ያድርግሽ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም አሜን እል ነበር።

ማመልከቻዎቼን ሦስቱንም የጻፈልኝ ወንድም ጋሼ ነው። የእጅ ጽሕፈቱ በማተሚያ ቤት የታተመ ስለሚመስል፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኞቻችሁ ተቀባብለው ሲያዩት አይቻለሁ። ከሥሩ በወኪልነት ሙሉ ስሙን ጽፎ ፈረመበት። በሁለተኛው ማመልከቻ ላይ እንዲህ የሚል ቃል ነበረበት፦ «አመልካቿ የላቧን ዋጋ ከማታውቀው ሰው ኪስ ፈልጋ እንድታገኝ መገደዷ ኅሊና ያለውን ሁሉ የሚያሳዝን ነው።» ይህን ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ አለቀስኩ። እርሱም መነጽሩን አወለቀና አንገቱን አቀረቀረ። በእኔ መከፋት አንጀቱ ተላውሶ ነው ብዬ፣ ከራሴ ይልቅ ለእርሱ አዘንኩ። ከሃያ ሦስቱ ምልልሶች አሥራ ሁለቱን አብሮኝ ወጥቷል፤ ደረጃው ላይ ሲደክመኝ ክርኔን ይዞ ይደግፈኝ ነበር።

ለእነዚህ ሦስት ማመልከቻዎች የሰጣችሁት መልስ፣ ከዚያች የትዕግሥት ደብዳቤ በቀር፣ «በሂደት ላይ ነው» የሚል ብቻ ነበር። አሁን ሳስበው ሦስቱንም ከልባችሁ አንብባችኋቸው ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባላስፈለገ ነበር። የምናነብበት ምክንያት አላገኘንም ብትሉ ግን ይገባኛል፤ ያማረ ጽሕፈት ለማየት እንጂ ለማንበብ አይደለም።

አራተኛ። የትምህርት መክፈቻው ወር ደረሰ። ደንብ ልብስ ሰፊ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው በዚያች ወር ተኩል ሥራ ነው። ጨርቅ አስቀድሞ ተገዝቶ መቆረጥ ነበረበት፤ እኔ ደግሞ ተመላሹ ይመጣል ብዬ ቀደም ብዬ ከጨርቅ ነጋዴው ዱቤ አልጠየቅሁም፤ ስጠይቅ ጊዜው አልፎ ነበር። ስምንት ዓመት የሰፋሁለት ትምህርት ቤት ሥራውን ለሌላ ሰጠ። የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ አፍራ በስልክ ነገረችኝ፤ እኔም አፍሬ «ግድ የለም» አልኳት።

ከሁለት ወር በኋላ ቁልፍ ተካይዋ ሽርጧን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እትዬ፣ ቅር አይበልሽ» አለችኝ። «አንቺ አልደረሰኝም ትያለሽ፣ እነሱ ሰጥተናታል ይላሉ። እኔ ደግሞ ልጆች አሉኝ።»

ዐይኗን አየሁት። ገንዘቡን ተቀብላ ደብቃ ነው የሚለው የሰፈር ወሬ እርሷም ጆሮ ገብቷል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደመወዟን አንድም ቀን ሳላሳድር የከፈልኳት ሴት፣ በእኔ ቃልና በእናንተ አረንጓዴ መብራት መካከል ቆማ መብራቱን አመነች። አልፈርድባትም። እኔም ራሴ ለሃያ ሁለት ዓመት ከሰው ቃል ይልቅ የእናንተን ወረቀት ሳምን የኖርኩ ነኝ። ከሄደች በኋላ ወንበር ላይ ወጥቼ የምስጋናውን ወረቀት ከግድግዳው አወረድኩት። መስታወቱ ጥሩ ስለነበር ለፎቶ ቤቱ ሸጥኩት፤ ከእናንተ እጅ ያገኘሁት የመጀመሪያው ጥሬ ገንዘብ እርሱ ነው።

አምስተኛ። በሃያ አንደኛው ምልልሴ፣ ወንድም ጋሼ ወገቤን አሞኛል ብሎ ስለቀረ ብቻዬን ነበርኩ። ወደ መዝገብ ቤት ገባሁ። በዚያ የነበሩት አዛውንት ሠራተኛ ስሜን ሳልነግራቸው መዝገቤን አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ከዚያ «እናት ዓለም፣ እኔ ለማሳየት አልተፈቀደልኝም። ዐይን ግን የራስ ነው። ውሃ ላምጣ» ብለው ወጡ። ሰውየውን ለመቅጣት አይድከሙ፤ ባለፈው ወር ጡረታ ወጥተዋል።

የእኔ ሒሳብ ቁጥር የሚያበቃው በሦስት ነው። የላካችሁበት በአራት ያበቃል። ሌላው አኃዝ ሁሉ አንድ ነው። ከቁጥሩ ሥር የተቀባዩ ስም ተጽፏል። መጀመሪያ ያየሁት የአባቴን ስም ስለነበር ለቅጽበት ታዲያ እኮ የእኔው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ከአባቴ ስም በፊት ያለውን አነበብኩ። ወንድም ጋሼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ክቡር ሆይ። የአባታችንን ቤት ሸጠን የተካፈልን ዕለት እኔና እርሱ ባንድ ባንክ፣ ባንድ መስኮት፣ አንዳችን ከሌላችን ኋላ ተሰልፈን ሒሳብ ከፈትን። «አንቺ ቅደሚ» ብሎ ስላስቀደመኝ ለእኔ ሦስት፣ ለእርሱ አራት ደረሰን። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ የእናንተ ጸሐፊ አንዲት አኃዝ ሳተና ገንዘቡ ከእኔ አልፎ ከኋላዬ የቆመው ወንድሜ ላይ አረፈ። ለነገሩ ከሠራተኞቻችሁ አንዱ ስሙ አለመግጠሙን አስተውሎ ኖሯል። በገጹ ኅዳግ ላይ በእርሳስ «የአባት ስም ይመሳሰላል፤ ይለፍ» ብሎ ጽፎበታል። ይለፍ ተባለና አለፈ።

ገጹን ስገልጥ ሦስቱ ማመልከቻዎች ቁጭ ብለዋል። ያ ያማረ ጽሕፈት፣ ከሥሩም ያው ሙሉ ስም፣ በወኪልነት። ገንዘቡን የወሰደው ስምና ገንዘቡ ይመለስ ብሎ የሚጮኸው ስም ባንድ መዝገብ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ኖረዋል። በመካከላቸው የነበረው አንድ ቅጠል ወረቀት ነው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ በሦስት ፎቅ ውስጥ ያን ቅጠል የሚገልጥ ጣት አልተገኘም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኔ ግን ዓሣ እንኳ አልጎረጎርኩም፣ የራሴን መረብ ነበር የምፈልገው።

አዛውንቱ ተመለሱ። በእጃቸው የያዙት ውሃ ለራሳቸው አልነበረም። ተቀብዬ ጠጣሁና አመሰገንኳቸው። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካሉት ምስጋናዎች መርዝ የሌለበት ይህ ብቻ ነው።

ስድስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቀጥሎ ያለው ግን ተራ የሚሰጠው ዓይነት አይደለም።

ከእናንተ ቤት በቀጥታ ወደ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ እግሩ የተነቃነቀ ወንበር ገልብጦ ሚስማር ሲመታ አገኘሁት። ባለቤቱ በረንዳው ላይ ልብስ ታጣጥፋለች። ሰላምታ ሳልሰጥ ቆምኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ የሒሳብ ቁጥርህ መጨረሻው ስንት ነው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አላየኝም። መዶሻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠና «አራት» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ሲገባ የጡረታዬ ልዩነት መስሎኝ ነበር። ስድስት ዓመት ስጠብቀው የነበረው። ጣሪያውን አሠራሁበት፤ የእርሷን የሕክምና ዕዳ ከፈልኩበት። ያን ቀን አንቺ መጥተሽ መጠኑን እስከ ሽራፊዋ ስትነግሪኝ ነው ያወቅሁት።»

«የመጀመሪያውን ማመልከቻ ከመጻፍህ በፊት?»

«በፊት።»

ይህን ሲል ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። እኔ ግን ማዘን አቃተኝ። ክርኔን ይዞ ደረጃ ያስወጣኝ እጅ፣ እንባዬን ያየ ዐይን፣ «አይዞሽ፣ እንደርስባቸዋለን» ያለኝ አፍ፣ ሁሉም ያውቁ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስሰማ የኖርኩት ስለ ፈረስ መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ እንዴት ችለህ ጻፍከው?» አልኩት።

«ከልቤ ነው የጻፍኩት፣ እህቴ» አለ። «ስሕተቱ የእነሱ ነው። ላንቺ ያንቺን ቢከፍሉሽ፣ እኔን ደርሰውብኝ ቀስ እያልኩ ለእነሱ እከፍል ነበር። አንቺ ፊት እንዲህ ከመቆም የመንግሥት ባለዕዳ መሆን ይቀለኝ ነበር።»

ባለቤቱ የያዘችውን አንሶላ አልለቀቀችም። ከእኔ ይልቅ እርሷ ደንግጣለች፤ ምንም አታውቅም ነበር። ወደ ላይ፣ ወደ አዲሱ ቆርቆሮ አየችና «ጣሪያው የእርሷ ነው?» አለችው። መልሱን ሳልሰማ ወጣሁ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ዕለት በወንድሜ ላይ ክፉ ነገር ማሰቤን አልደብቅም። ግን እቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ወንድሜ የዋሸኝ በእናንተ ጥላ ሥር ሆኖ መሆኑ ገባኝ። በመጀመሪያው ሳምንት «ቁጥር ስተናል፣ የገባው እገሌ ጋ ነው» ብላችሁኝ ቢሆን ኖሮ፣ ጣሪያው ሳይሠራ፣ ዕዳው ሳይከፈል፣ ማመልከቻው ሳይጻፍ፣ ወንድም ጋሼ እየሣቀ ገንዘቤን ይዞልኝ ይመጣ ነበር። እንዲህ እንደሚያደርግ እምላለሁ። ደካማ ሰው ነው እንጂ ሌባ አይደለም። ሌባ የመሆኛ ጊዜውን ያመቻቻችሁለት እናንተ ናችሁ፤ አሥራ አንድ ወር ሰጣችሁት።

በማግሥቱ፣ በሃያ ሁለተኛው ምልልሴ፣ ገንዘቡ የት እንዳለ ለእናንተ አስታወቅሁ። መልሳችሁ በዘጠኝ ቀን ደረሰኝ፤ በእኔና በእናንተ መካከል እንዲህ የፈጠነ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ቃሉን እንዳለ እጠቅሳለሁ፦ «ገንዘቡ በአመልካቿ የቅርብ ቤተሰብ እጅ መሆኑ በመረጋገጡ፣ ጉዳዩ የቤተሰብ ጉዳይ ሆኖ በመገኘቱ፣ ተመላሹ እንደተፈጸመ ተቆጥሮ መዝገቡ ተዘግቷል።» በሃያ ሦስተኛው ምልልሴ መስኮት አምስት ያለችውን ባልደረባዎን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋት። እርሷም በቅንነት «ይክሰሱት፣ እናቴ» አለችኝ። የደንበኛ ምስጢር ብላችሁ በጨርቅ የጠቀለላችሁት ሰው ወንድሜ መሆኑ ሲታወቅ፣ ምስጢሩም ቀረ፣ ስሕተቱም የእናንተ መሆኑ ቀረና ሁሉ ነገር የእኔ የቤት ጣጣ ሆነ።

አልከሰስኩትም። እርሱ ራሱ ከጡረታው እየቆረጠ በየወሩ በባንክ ይልክልኝ ጀምሯል። እነሆ ሦስት ወሩ ነው። በዚህ አካሄድ ዕዳው የሚያልቀው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ወንድሜ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ወደ ሱቄ መምጣት አቁሟል። ባለፈው ሳምንት በአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ አየሁት፤ እርሱም አየኝና ወደ ማዶ ተሻገረ። ሲሻገር እንደ ባለዕዳ ጎንበስ ብሎ ነበር። ያሳደገኝ ሰው እኔን ሲያይ ጎንበስ አለ። እኔም ልጠራው አፌን ከፍቼ፣ ምን ብዬ እንደምጠራው ጠፋኝ። ይቅር ብዬዋለሁ ማለት ለጊዜው አልችልም። ይቅር እንዳልለው የሚያደርገኝ ግን ግማሹ የእርሱ ሥራ ነው፣ ግማሹ በየወሩ መጀመሪያ የባንክ ደብተሬን እንድገልጥ የሚያደርገኝ የእናንተ ማኅተም ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና አንድ ነገር እለምናለሁ። ይህን ደብዳቤ በራሴ ጠማማ ጽሕፈት፣ ያለ ወኪል፣ በአደባባይ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። መዝገቡን ይክፈቱት። የተሳሳታችሁት እናንተ መሆናችሁን ባንድ መስመር፣ ከተቻለም በትክክለኛ ቁጥር፣ ጻፉልኝ፤ ያን ወረቀት ለቁልፍ ተካይዋ ቤቷ ድረስ ወስጄ አሳያታለሁ። ያለባችሁን ለእኔ ክፈሉኝ፤ ወንድሜ ያለበትን ደግሞ እናንተ ቀስ ብላችሁ ከእርሱ ተቀበሉ። የእናንተ ባለዕዳ ይሁን። በሰልፋችሁ ይቁም፣ በደረጃችሁ ይውጣ፣ እናንተን ሲያይ ይጎንበስ። እኔ ዕዳ ሰብሳቢው መሆኔ ይቅርልኝና እህቱ ልሁን። ምናልባት ያን ጊዜ ደረጃው ላይ ሲደክመው ክርኑን ይዤ አብሬው እወጣ ይሆናል፤ አላውቅም፤ ግን እንድሞክረው ዕድሉን ስጡኝ።

ለሰጡኝ ትምህርት፣ ላጠነከሩልኝ ጉልበት፣ ከቅርብ ዘመዴ ጋር በትክክል ስላስተዋወቁኝም ውለታዎን አልረሳም። ዕድሜዎና ሥልጣንዎ ይርዘም፤ ስብሰባዎም አንድ ቀን ይለቅ።

በመዝገብ የተከፈላት፣ በእጇ ያልገባላት፣
የሦስተኛው ፎቅ ነባር ደጅ ጠኚና ታማኝ ግብር ከፋይዎ፣
ደንብ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልጨርስ ከመሥሪያ ቤትዎ አዲስ ደብዳቤ ደረሰኝ። በየወሩ ከአንድ ግለሰብ የሚገባልኝ ገንዘብ ያልተገለጸ ገቢ ሆኖ ስለተገኘ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቀርቤ ግብሩን ከነቅጣቱ እንድከፍል ያዛል። ስሜም፣ አድራሻዬም፣ የሒሳብ ቁጥሬም አንዲት ግድፈት የለባቸውም፤ የላኪውንም ሙሉ ስም ያለ ምንም ምስጢር ጽፋችሁልኛል። እንደ ልማዴ ቀኑ ሳያልፍ እከፍላለሁ። በትርፍ እንዳታስከፍሉኝ ብቻ አደራ፤ ተመላሹን የምትልኩለት ሌላ ወንድም የለኝም።